አምባ፣ ደብር፣ ወረ፣ ከተማ፦ የወሎ ሰው ደህና ቦታ ሲፈልግ

ከቦረና ወይም ከሳይንት ገጠር ተነስቶ መካነ ሰላም ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው፣ ወይም መካነ ሰላም ኖሮ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የሚያቀና ቤተሰብ፣ ከኪራዩ ዋጋ እኩል የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ። «ሰፈሩ እንዴት ነው? ደህና ነው?» ደላላው መልስ አያጣም። ግቢው በብሎኬት የታጠረ ነው፣ አስፋልቱ ቅርብ ነው፣ ፖሊስ ጣቢያው ከታች ነው ይላል። ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት የዚህ ጥያቄ መልስ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነባቸው የወሎ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የደቡብ ወሎ ደጋ ሰው ቢያንስ አምስት መቶ ዓመት ሲጠይቀው ኖሯል። የተሰጡት መልሶችም አልጠፉም፤ የቦታ ስም ሆነው ካርታው ላይ ቀርተዋል። ግሸን አምባ፣ መቅደላ አምባ ሲባል «ደህንነት ከፍታ ነው» የሚል መልስ አለበት። መካነ ሥላሴ፣ ተድባበ ማርያም ሲባል «ደህንነት የተቀደሰ ቦታ ነው» የሚል መልስ አለበት። ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂማኖ ሲባል «ደህንነት ወገን ነው» የሚል መልስ አለበት፤ «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ የእነ እገሌ ወገን ማለት ነውና። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ «ከተመ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ ቀድሞ የጦር መስፈሪያን የሚያመለክት ቃል ነው፤ «ደህንነት ጦር ያለበት ነው» ይላል። መካነ ሰላም ደግሞ በግዕዝ የሰላም ቦታ ማለት ነው። እሱ ከመልስነት ይልቅ ወደ ምኞት ያደላል።

አራቱም መልሶች በየዘመናቸው ተፈትነዋል፤ አራቱም በየተራ ወድቀዋል። እንዴት እንደወደቁ ያየ ሰው ዛሬ ቤት ሲፈልግ ከአጥሩ ቁመት በፊት ሌላ ነገር መጠየቁ አይቀርም።

አምባ፦ ከፍታ ያላዳነው

የአምባ ሐሳብ ግልጽ ነው። ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው አንድ ወይም ሁለት፣ ላዩ ሜዳና ውሃ ያለው ተራራ ላይ የወጣን ሰው ማን ይነካዋል? አምባሰል ውስጥ የሚገኘው ግሸን ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ነበር። ነገሥታቱ ለዙፋን ይፎካከራሉ ብለው የሚፈሯቸውን የንጉሥ ልጆች እዚያ አኑረው ያስጠብቁ ነበር። በ1510ዎቹ ዓ.ም. አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ወደ ተራራው መቅረብ ምን ያህል የተከለከለና የሚያስቀጣ እንደነበር ጽፏል። ኢማም አሕመድ ግራኝ መጀመሪያ ሞክሮ አልሆነለትም። በ1532 ዓ.ም. ግን አምባው በጦሩ እጅ ወደቀ፤ እዚያ የነበሩት የንጉሥ ዘሮችም አለቁ። መውጫ እንዳይኖር ተደርጎ የተጠበቀ ቦታ፣ ጠላት ከገባ ለመሸሽም መውጫ የለውም።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ያንኑ ሐሳብ በመቅደላ ሞከሩት። አምባውን በ1848 ዓ.ም. ከወሎ ገዢዎች ወስደው ግምጃ ቤታቸው፣ እስር ቤታቸው፣ በመጨረሻም መጠጊያቸው አደረጉት። ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ ገደል እያስወጡ ወራት በፈጀ ጉዞ ወደዚያ አስጎተቱ። ለመከላከል ከመቅደላ የሚሻል ተራራ በአገሩ ማግኘት ያስቸግራል።

መቅደላን የጎዳው ግን ከተራራው በታች ያለው አገር ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነስቶ በትግራይና በላስታ አቋርጦ እስከ በሸሎ ሲደርስ በመንገዱ ጦርነት አልገጠመውም። የትግራዩ ካሳ ምርጫ መንገድ ለቀቁለት፤ የላስታው ዋግሹም ጎበዜ አልተቋቋሙትም፤ ገበሬው እህልና የጭነት ከብት ሸጠለት። በወሎ በኩል ደግሞ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት ለንጉሡ የቆየ ቂም ነበራቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ተደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ። ንጉሡ የገደሉን ከፍታ ይዘው ነበር። ከገደሉ በታች ግን «ንጉሥህ ተከበበ» ሲባል የሚነሳላቸው ጎረቤት አልነበራቸውም።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1857 ዓ.ም.፣ በዚያው አምባ የሆነ ነገር የዚህን ሌላ ገጽ ያሳያል። በመቅደላ በግዞት ያደገው ወጣቱ ምኒልክ በሌሊት ከአምባው ወርዶ አመለጠ። የገባው የወረ ሂማኖ ገዢ ከነበሩት ከወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ነው። የወይዘሮዋ ልጅ በዚያ ሰዓት በመቅደላ እስረኛ ነበር። ሸሽቶ የመጣውን ልዑል ይዞ በልጅ መለወጥ ይቻል ነበር፤ ማንኛዋም እናት ብታደርገው አይገርምም። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ምኒልክ ወደማን እንደገባ ባወቁ ጊዜ በቁጣ ልጃቸውን ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት። ወይዘሮ ወርቂትም እንግዳቸውን አሳልፈው አልሰጡም፤ ወደ ሸዋ እንዲሻገር ሸኙት። የኋላው ንጉሠ ነገሥት ሕይወት የተረፈው ከጽኑው አምባ ወርዶ ሜዳ ላይ ከነበረች አንዲት ሴት ዘንድ በመግባቱ ነው።

ደብር፦ ሀብቱ ጠላት የጠራበት

ሁለተኛው መልስ ደብር ነው። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን መጸለያ ብቻ አልነበረም። የተበደለ የሚማጸንበት፣ ደም ያለበት የሚሸሸግበት፣ መኳንንት ዕቃቸውን በአደራ የሚያስቀምጡበት ቦታ ነበር። የዛሬው ምዕራብ ደቡብ ወሎ ያኔ ቤተ አማራ ይባል የነበረው አገር እምብርት ስለነበር፣ ነገሥታቱ ትልልቅ አድባራታቸውን እዚህ ተከሉ። ዐፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን አሠሩ። ዐፄ ናዖድ ጀምረው ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ ደግሞ በወርቅና በዕንቁ ያጌጠ ስለነበር ያዩት የውጭ ሰዎች በአድናቆት ጽፈውለታል።

በ1524 ዓ.ም. ሁለቱም ተቃጠሉ። የግራኝን ዘመቻ የዘገበው ዐረብኛ ዜና መዋዕል፣ ወታደሮቹ በመካነ ሥላሴ ጌጥ እንዴት እንደተደነቁ፣ ወርቁን እንዴት እንደነቀሉና ከዚያ እሳት እንደለቀቁበት ይተርካል። ዝናው ከጥበቃው በልጦ ነበር። ቦታው ሀብት ያለበት መሆኑ በሩቅ ሲታወቅ፣ የሚጠብቀው ሰው ግን ጥቂት ሲሆን፣ ቅድስናው ብቻውን አጥር አልሆነውም። ዐፄ ልብነ ድንግል ራሳቸው ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖረው፣ ግሸን በወደቀበት በዚያው በ1532 ዓ.ም. በገመድ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ ሞቱ።

በአማራ ሳይንት ያለው ተድባበ ማርያም ግን እስከ ዛሬ አለ። በልጃቸው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ታድሶ እንደገና ከበረ። ከጥፋት በኋላ ደብርን ደብር የሚያደርገው ግድግዳው አይደለም። ታቦቱን ዋሻ ውስጥ የሸሸገው ካህን፣ አገሩ ሲረጋጋ ተመልሶ መጥቶ ሣር የከደነው ምእመን ነው። ግንቡ ይፈርሳል። ተመልሶ የሚሰበሰብ ሕዝብ ያለው ቦታ ግን ሁለተኛ ይሠራል።

ወረ፦ ወገን ጥላ ሲሆንና ሳይሆን

ከግራኝ ጦርነት በኋላ የኦሮሞ ነገዶች ወደ ደጋው ሲገቡ ሦስተኛው መልስ መጣ። ቦረና፣ ወረ ሂማኖ፣ ወረ ኢሉ የመሳሰሉት ስሞች መጀመሪያ የሰው ስብስብ ስም ነበሩ፤ ኋላ የመሬት ስም ሆኑ። ሰው «የት ነህ?» ሲባል የሚመልሰው «የማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚመልሰውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ነባሩና መጪው ተጋባ፣ ቋንቋው ተቀላቀለ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት አደገ። ዛሬ ቦረና ወረዳ ውስጥ አማርኛ ተናግሮ አድሮ ስለ ስሙ ምንጭ የማያስብ ሰው ሞልቷል።

ወገን ጥሩ ጥላ ነው፤ ችግሩ ወገን ለሌለው ሰው ነው። በዚህ አገር በሌላው መሬት ላይ የሚያርስ ሰው «ጢሰኛ» ይባል ነበር። ርስት የለውም፣ ያለው የጎጆው ጢስ ብቻ ነው። ሲጣላ የሚናገርለት፣ ሲከሰስ ዋስ የሚሆነው ሰው መፈለግ ነበረበት። ስለዚህ ወደ አዲስ አገር የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መሬቱን አይደለም፤ ዋሱን ነው። «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚል አንድ የአገር ሽማግሌ ከለም ማሳ ይበልጥ ነበር።

የወገን ጥላ በመንግሥት እጅ ሊቀደድም እንደሚችል ወሎ አይታለች። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎን ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ አዘዙ። መሐመድ አሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር እንቢ ብለው ተቃውሞ መሩ። በአንድ ቤት ያደጉ ሰዎች ግማሹ ቀረ፣ ግማሹ ተሰደደ። ትናንት ደህና የነበረ ቀዬ በአንድ አዋጅ ለአንዱ ደህና፣ ለሌላው አደጋ ሆነ።

አፈርሳታ፦ ሰፈር በሙሉ ሲጠየቅ

ወገንተኝነት የማይበቃበትን ክፍተት የሞላ አንድ የቆየ ሥርዓት ነበር፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ። ማን እንደሠራው ያልታወቀ ስርቆት ወይም ግድያ ሲደርስ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ይምላል፤ የተመረጡ ሽማግሌዎች በምስጢር የሚነገራቸውን ይሰማሉ። ጠቋሚው በስሙ አይጠራም፤ «ወፍ» ይባላል። ወንጀለኛው ካልወጣ የጠፋውን ንብረት ሰፈሩ በሙሉ አዋጥቶ ይከፍላል።

ይህ ሥርዓት ጉድለት ነበረበት። ሰው ከእርሻው ተነጥሎ ቀናት ይውላል፤ ድሃና መጤ በቀላሉ ይጠረጠራል፤ ቂም መወጫም ይሆናል። መሠረታዊ ሐሳቡ ግን ጠንካራ ነው። የአንድ ሰው ላም ስትጠፋ ጉዳዩ የባለላሟ ብቻ አይደለም፤ በጩኸቱ ርቀት ውስጥ ያለ ሁሉ ዕዳ አለበት። በሌሊት ኡኡታ ሲሰማ «እኔን ምን አገባኝ» ብሎ መተኛት ዋጋ የሚያስከፍልበት ሰፈር ነበር።

ከተማ፦ ጦሩም መንገዱም የሚመጣበት

አራተኛው መልስ ከተማ ነው። ወረ ኢሉ የምኒልክ የጦር ሰፈር ሆና ነው ያደገችው፤ ለዐድዋ ሲዘመት ከክተቱ ስፍራዎች አንዷ እሷ ነበረች። አዲስ አበባም ቢሆን ሰፈሮቿ የመኳንንት መስፈሪያ ነበሩ። ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ያንን ይመሰክራሉ። ያኔ ሰፈር መምረጥ ጌታ መምረጥ ነበር። የጌታው ግቢ ሲደምቅ ሰፈሩ ይደምቃል፤ ጌታው ሲወድቅ ሰፈሩም ይፈዛል።

ራስ ሚካኤል፣ የኋላው ንጉሥ ሚካኤል፣ መቀመጫቸውን ከመቅደላ አጠገብ ካለችው ከተንታ ወደ ደሴ ሲያዛውሩ የተለየ ምርጫ መረጡ። ደሴ አምባ አይደለችም። ከጦሳ ተራራ ሥር፣ መንገድ የሚያልፍባት፣ ገበያ የሚቆምባት ጎድጓዳ ቦታ ናት። ንጉሡ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ተባለ፤ ማንንም ሳይጠየፍ ያበላል ለማለት ነው። መቅደላን ያየ የወሎ ሰው፣ ከገደል ይልቅ ሰው የሚገናኝበትን ቦታ ቢመርጥ አያስደንቅም።

ይሁንና መንገድ ሁለት ስለት አለው። ሐኪሙንና ጨው ነጋዴውን የሚያመጣው መንገድ ጦሩንም ያመጣል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ከትመው ሳለ የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ድንኳን እንኳ አልተረፈም። ከ86 ዓመት በኋላም ታሪኩ ተደገመ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለ ሕዝብ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልሎ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ያ ሕዝብ ከአስጠለለው የከተማው ነዋሪ ጋር እንደገና ተሰደደ። ከተሞቹ ተመልሰው የተያዙት በኅዳር 27 ነው። መሸሻ የተባለው ቦታ ራሱ የሚሸሹት ሆነ።

ቀበሌና ሠፈራ፦ ደህና ቦታ በመንግሥት ሲመረጥ

ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ የከተማ ነዋሪው በቀበሌ ተደራጀ። ጎረቤትነት ማኅተም አገኘ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው መሸኛ ከቀድሞ ቀበሌው ይዞ ካልመጣ አይመዘገብም። የድሮው ዋስ በወረቀት ተተካ ማለት ነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያው ቀበሌ ማን የት እንደሚያድር፣ ማን ማታ እንግዳ እንደተቀበለ የሚያውቅ በመሆኑ የቀይ ሽብር መሣሪያ ሆነ። ሰውን ጎረቤቱ ማወቁ የሚያድነው፣ ያ ጎረቤት የሚጠየቀው ለሰፈሩ ሲሆን ነው። የሚጠየቀው ከላይ ለተቀመጠ አለቃ ብቻ ሲሆን፣ ያው ዕውቀት ሰውን ያስበላል።

የ1977ቱ ረሃብ ሌላ ምርጫ አመጣ። መንግሥት ከተራቆተው ደጋ ወደ ወለጋ፣ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ኢሉባቦር 600 ሺህ ገደማ ሰው አሠፈረ። ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነበር። በወረቀት ላይ ምርጫው የማይነቀፍ ይመስል ነበር፤ አፈሩ ለም፣ ዝናቡ የማያቋርጥ፣ መሬቱ ሰፊ። ያልታሰበው ነገር መጪውን ከነባሩ የሚያስተሳስረው ምንድን ነው የሚለው ነው። ብዙዎች በጊዜ ብዛት ተጋብተው፣ ጡት ተጣብተው አንድ ሆነው ኖሩ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ከወሎ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። ከወለጋ የተፈናቀሉት ተመልሰው ደቡብ ወሎ ሐይቅና ጃሪ መጠለያ ገቡ። አያቶቻቸው ረሃብ ፈርተው ከለቀቁት አገር፣ የልጅ ልጆቹ ጥይት ፈርተው ተመለሱበት።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ቶሌ ላይ ጎረቤቱን የሸሸገ ጎረቤት ነበረ ቢባል እንኳ፣ ጎረቤት በመሣሪያ የመጣን ኃይል አያስቆምም። ያን ማስቆም የመንግሥት ሥራ ነው። «ጎረቤትህን ውደድ» ብሎ ምክር ሰጥቶ መንግሥትን ከኃላፊነት ነጻ ማድረግ ታሪክን ማዛባት ነው። አንድ ሰው በመረጠው ሰፈር በሰላም የመኖር መብቱን የሚያስከብርለት ሕግ ከሌለ፣ ሰፈር መምረጥ ዕጣ ማውጣት ይሆናል።

ታዲያ ምን ይጠየቅ?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጥያቄው ይበልጥ ከብዷል። ውጊያው፣ የመንገድ መዘጋቱ፣ የኢንተርኔት መቋረጡ፣ ለገንዘብ ሲባል ሰው ማገቱ በየከተማው ወሬ ሆኗል። የገጠሩ ሰው ወደ ወረዳ ከተማ፣ የወረዳው ወደ ዞን ከተማ ይገፋል። መካነ ሰላምም የቀድሞዋ ብቻ አይደለችም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚያ ነው፤ ተማሪና መምህር ይመጣል፣ ይሄዳል። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ጉንደወይን የሚያደርሰው መንገድም በሯን ከፍቷል። ሰው የሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ ሰው የማይተዋወቅባት ለመሆን ሩቅ አይደለችም።

በዚህ መሐል የወሎ ሰው አንድ ያልጠፋ መሣሪያ አለው፤ ቅሬ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሬሳ ያነሳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛን ያስተዛዝናል፤ በብዙ ቦታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይገባበታል። ቅሬ ግን የቀብር ማኅበር ብቻ ሆኖ አያውቅም። የተጣላን ያስታርቃል፣ የሰፈሩን ሌባ ይመክራል፣ እንቢ ያለን ያገልላል። ከቅሬ መውጣት ማለት ሲሞቱ የሚቀብር ማጣት ስለሆነ፣ የቅሬ ቃል ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይልቅ ይከብዳል። የአፈርሳታ ዕዳ ከማስገደድ ወጥቶ በፈቃድ የቀረው እዚህ ነው።

ይህ የወሎ ብቻ ዕውቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሮበርት ሳምፕሰንና ባልደረቦቹ በአሜሪካዋ ቺካጎ 343 ሰፈሮችን አጥንተው ከ8 ሺህ በላይ ነዋሪዎችን ጠይቀው ነበር። ሁከት ያነሰባቸው ሰፈሮች ነዋሪው እርስ በርሱ የሚተማመንባቸውና ልጆች ሲያጠፉ፣ ጠብ ሲነሳ «ተው» የሚል ሰው ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ድህነት ታሳቢ ተደርጎም ውጤቱ ቆመ። ይህ መተማመን ደካማ የሆነው ደግሞ ሰው ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥባቸው ሰፈሮች ነበር። ዐረቦችም ያለ ጥናት «ከቤቱ በፊት ጎረቤቱ» ይላሉ።

ስለዚህ ቤት ፈላጊ ደላላውን አመስግኖ ሌላ ሰው ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ የጉልት ሻጯን፣ የወፍጮ ቤቱን ሠራተኛ፣ ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን አዛውንት። እዚህ ሰፈር በመጨረሻ ሌሊት ኡኡ የተባለው መቼ ነው? ስንት ሰው ወጣ? ቅሬው ተከራይን ያስገባል ወይስ ባለቤት ብቻ ነው የሚቀበለው? በለቅሶ የሌላው ሃይማኖት ሰው ይታያል? የዛሬ ሦስት ዓመት እዚህ የነበሩት አሁንም አሉ?

ሌሎቹም ጥያቄዎች አይረሱ። ቤቱ ሕጋዊ ካርታ አለው ወይስ የጨረቃ ቤት ነው? ነገ የሚፈርስ ቤት አጥሩ ቢረዝም ምን ይጠቅማል። መሬቱስ? ደሴን በመሰለ ተዳፋት ከተማ የመሬት መንሸራተት የታወቀ አደጋ ነው፤ ክረምት ላይ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ የሚያውቀው ነባር ነዋሪ ነው። ከዋናው መንገድ ላይ ያለ ቤት ለአምቡላንስ ቅርብ ነው፤ ለሚያልፍ ጦርም ቅርብ ነው። ሁለቱን መዝኖ መምረጥ የቤተሰቡ ድርሻ ነው።

የከተማ አስተዳደሮችም ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት አለ። ተከራይ የዘመናችን ጢሰኛ ነው። አከራዩ በየስድስት ወሩ ዋጋ ሲጨምርበት ዕቃውን ጭኖ የሚዞር ቤተሰብ ቅሬ አይገባም፤ ልጁ ጓደኛ አያፈራም፤ ጎረቤቱ ስሙን ሳያውቀው ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ማለቱ የዋጋ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲወራ ነበር። በእርግጥ ግን የጸጥታ ጉዳይም ነው። ሁለት ዓመት አንድ ቦታ የቆየ ሰው ሌሊት ሲጮህ በድምፁ ይታወቃል።

የመጡ ተፈናቃዮችንም ከከተማ ጫፍ ለብቻ ማስፈር ቀላሉ መንገድ ነው፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ እህሉ ይታደላል፣ ፎቶው ይነሳል። ነገር ግን ከነዋሪው ተነጥሎ የሠፈረ ሕዝብ ሲጠቃ የሚደርስለት የለውም፤ ሲታማ የሚመሰክርለት የለውም። የ1977ቱን ሠፈራ ስህተት በየከተማው ዳር በትንሹ መድገም ይሆናል።

ግሸን ከፍታ ነበረው፤ መካነ ሥላሴ ክብር ነበረው፤ ደሴ መንገድ ነበራት፤ ወለጋ ለም መሬት ነበረው። የምኒልክ ነፍስ የተረፈችው ግን የሸሸን ሰው አሳልፎ የማይሰጥ ቤት ስላገኘ ነው። ዛሬ መካነ ሰላም አውቶቡስ መናኸሪያ ፍራሹን ተሸክሞ የሚወርድ ቤተሰብም የሚፈልገው ያንኑ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በአንዱ ጎን፣ ሌላው እንዲህ ያለ ቤት በሌላው ጎን ሲኖር ሰፈሩ ደህና ነው ይባላል። የቀረው፣ በመሣሪያ የሚመጣውን ማስቆም፣ ግብር የሚሰበስበው ወገን ዕዳ ነው።